የሌሊት ፈረቃ፣ የቀን እንቅልፍ እና 13 ኪሎ

በፋሲካ መንዝ እናቴ ዘንድ ስሄድ ዘመዱ ሁሉ ደስ አለው። «ኧረ ተመችቶሻል! ደብረ ብርሃን ተስማምታሻለች!» አለች አክስቴ ጉንጬን ይዛ። እኛ አገር ወፈርሽ ማለት ምርቃት ነው። ጠገበች፣ ደላት፣ እጇ ገንዘብ ያዘ ማለት ነው። እኔም ፈገግ አልኩ። የቀሚሴ ጎን ግን ተተርትሮ በመርፌ ቁልፍ ነበር የተያዘው። ማታ ሁሉም ሲተኛ እኔ ዓይኔን አፍጥጬ የቤቱን ማገር ስቆጥር አደርኩ።

ያልተደሰተችው እማዬ ብቻ ነበረች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ባትሪ አብርታ አየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ሰዓት የሚነቃ እኮ ጅብ ነው» አለች።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የማሽን ኦፕሬተር ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሰባት ዓመት አለፈኝ። የፋብሪካውን ስም ልተወው። ሥራችን በሦስት ፈረቃ ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ቀኑ 8፣ ከ8 እስከ ምሽቱ 4፣ ከ4 እስከ ንጋቱ 12። በየሳምንቱ ይዞራል። ከተማችን ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ዘመን ጀምሮ ፈረቃን ታውቃለች። አሁን ኢንዱስትሪ ፓርኩም ቢራውም ተጨምሮበት በሥራ የሚያድረው ሰው በዝቷል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ነው ደብረ ብርሃን ያሏት ይባላል። እኛ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የምናየው ብርሃን የፋብሪካውን አምፖል ነው።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ሌሊት ለጀመራችሁ ነው፤ ለኦፕሬተሩም፣ ለጥበቃውም፣ ለነርሷም፣ ለዳቦ ጋጋሪውም። ሐኪም አይደለሁም። ስህተቱን ግን አንድም ሳይቀረኝ ሠርቼዋለሁ።

ሥራ ስገባ 58 ኪሎ ነበርኩ። በሁለት ዓመት ተኩል 71 ገባሁ። የዋዛ አይምሰላችሁ፣ 13 ኪሎ ቀላል ሸክም አይደለም። ከየት መጣ? ያኔ ቢጠይቁኝ «ኧረ ምንም አልበላም» ነበር የምለው። ቁጭ ብዬ ስቆጥረው ጉድ ሆነ።

ከመሄዴ በፊት ከልጆቹ ጋር እራት እበላለሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ክበብ እንገባለን። ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት ቦምቦሊኖ፣ ደመወዝ ሰሞን ከሆነ ፓስታ በእንጀራ። 10 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሲያዳፋኝ ለማባረር ሌላ ሻይ፣ ከኪሴ ብስኩት። ጠዋት ቤት ስገባ ፍርፍር። ቀን ስነቃ ምሳ። ቀን የሚሠራ ሰው ሦስቴ ይበላል፤ እኔ ሳላውቀው አምስት ስድስቴ። ጨጓራዬ ደግሞ ቃጠሎው አልለቅ አለኝ። «የሁሉም ሰው ጨጓራ ነው» ብዬ ተውኩት።

ጤና ጣቢያ የወሰደኝ ራስ ምታት ነው። ግፊቴ 142 በ92 ሆኖ ተገኘ። በባዶ ሆዴ የተለካው ስኳር 112። ጤና መኮንኑ ወጣት ነው፤ ረጋ ያለ ልጅ። «ስኳር አልያዘዎትም። ግን ደጃፉ ላይ ቆመዋል» አለኝ። ቀጥሎ ያነሳው ጥያቄ ነው የገረመኝ።

«ስንት ሰዓት ነው የሚበሉት?»

እኔ ምን እንደምበላ ልነግረው ተዘጋጅቼ ነበር። ዘይት ቀንሺ፣ ጨው ቀንሺ እንደሚለኝ ጠብቄያለሁ። እሱ ወረቀት አወጣና የ24 ሰዓት መስመር አሰመረ። የምተኛበትን አጠቆረ፣ የምበላበት ላይ ነጥብ አደረገ። ነጥቡ ወረቀቱን ሞላው።

የነገረኝን በኔ ቋንቋ ላስቀምጠው። ሰውነታችን ውስጥ ሰዓት አለ። ዋናው ጭንቅላት ውስጥ፣ ከዓይን በስተኋላ ነው ያለው፤ የሚሞላውም በብርሃን ነው። ጨረር ዓይን ሲነካ «ነግቷል» ይላል። ሲጨልም ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞን ይለቀቃል። ጉበቱም ጣፊያውም ሆዱም የየራሳቸው ትንሽ ሰዓት አላቸው። ይህን የሰውነት ሰዓት አሠራር በዝንብ ላይ አጥንተው ያወቁ ሦስት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ነገሩ ሲጠቃለል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቦምቦሊኖ ስጎርስ አፌ ነቅቷል፤ ሆዴ ግን ተኝቷል። ያው ቦምቦሊኖ ቀን ቢበላ ከሚያደርገው ይልቅ ሌሊት ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ኢንሱሊኑ ሌሊት ላይ ሥራው ይደክማልና። በዚያ ላይ እንቅልፍ ሲያንስ የሚያስርበው ሆርሞን ይጨምራል፣ የሚያጠግበው ይቀንሳል። የሚያምርሽ ደግሞ ጎመን አይደለም፤ ጣፋጭና ቅባት ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሆዳም ሆንኩ ብዬ ራሴን ስወቅስ ነበር።

ውፍረቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ምናልባት ምንም አላደርግም ነበር። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው።

ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት ያለውን ጊዜ ፈረቃ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የሰውነት ሙቀት ዝቅ የሚልበት ሰዓት ነው። የማሽኑ ሙቀት ፊቴን እየገረፈው ጀርባዬን ይበርደኛል። አንድ ለሊት፣ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የተበጠሰ ክር ልቀጥል ጎንበስ አልኩ። ዓይኔ ክፍት ነው። እኔ ግን የለሁም። የሻሼ ጫፍ ሮለሩ ላይ ሲያርፍ አላየሁም። ጓደኛዬ ከኋላ አንገቴን አቅፋ ጎተተችኝ፣ በሌላ እጇ ማሽኑን አጠፋችው። ሻሹ ተነጥቆ ገባ። እሷ ጮኸች፤ እኔ አልጮኽኩም። ምን እንደሆነ የገባኝ ቁጭ ካልኩ በኋላ ነው፣ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ። ለሱፐርቫይዘሩ «ሻሽ ወደቀብኝ» አልነው። እሱም ከሻሹ ዋጋ በላይ አልጠየቀም።

በዚያ ሳምንት ስንት ሰዓት እንደተኛሁ ደመርኩት። በቀን ከአራት ሰዓት አይበልጥም። ያውም የተቆራረጠ።

ችግሩ ሌሊቱ ይመስለኝ ነበር። ቀኑ ኖሯል። የቀን እንቅልፍ ባለቤት የለውም። ሌሊት የተኛን ሰው ማንም አያንኳኳም፤ ሌባ እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ቀን የተኛን ሰው ግን ሁሉም ይቀሰቅሳል። የእድር ሰብሳቢ ያንኳኳል። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ያንኳኳል። ለቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ። «ተኝተሽ ነው እንዴ? በዚህ ሰዓት?» ይሉኛል ገርሟቸው፤ በሆዳቸው ሰነፍ ሳይሉኝ አይቀሩም። አከራዬ እትዬ ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቡና ያፈላሉ። ከአቦል እስከ በረካ ሦስቱንም ጠጥቼ ነው የምተኛው፤ ጥሎ መሄድ ነውር ነዋ። ከዚያ እንቅልፍ እንቢ አለ ብዬ አማርራለሁ። ቡና ከጠጣችሁ ከአምስት ስድስት ሰዓት በኋላ እንኳ ግማሹ ደም ውስጥ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም።

መጀመሪያ የሞከርኩት የማይረባውን ነው። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ «አንድ መለኪያ አረቄ ግጪ፣ እንደ ድንጋይ ትተኛለሽ» አለኝ። የኛ አገር አረቄ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ ብርዱን ያስረሳል፣ እንቅልፍም ያመጣል። ቶሎ ተኛሁ። በሁለት ሰዓቴ አፌ ደርቆ፣ ልቤ እየመታ ነቃሁ። አረቄ እንቅልፍ ያስጀምርና መሀሉን ይበጣጥሰዋል። ወንዶቹ የሚቅሙት ጫትም ዕዳውን ለቀን ያሻግራል እንጂ አይከፍለውም። ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኪኒን ስትገዛ የነበረች ጓደኛዬን አይቼ እሱን አልነካሁትም።

የረዳኝ ባና ነው።

እማዬ ብርዱን ፈርታ የላከችው የመንዝ ባና፣ ጥቁር፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ሁለት ሰው የሚያሸክም። ለመልበስ ይከብደኛል ብዬ ሳጥን ላይ ጥዬው ነበር። መስኮቱ ላይ አራት ምስማር መትቼ ሰቀልኩት። ከዚያ በፊት ስስ መጋረጃ ነበር፤ የደብረ ብርሃን የቀን ፀሐይ ደግሞ ብርዱን አትመልከቱ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ዓይን ታጠፋለች። ባናው ሲሰቀል ክፍሉ ድቅድቅ አለ። እጄን ዘርግቼ አላየሁትም። የመንገዱ የባጃጅ ድምፅና የጋሪው ኮቴም ራቀ፤ ጠጉር ድምፅ ይውጣል። ትንሽ የበግ በግ ይሸታል። በዚያን ቀን ስድስት ሰዓት ተኛሁ። ስነቃ ቀኑ ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ ነበር።

ከሥራ ስወጣም ነገር ለወጥኩ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ንጋት 12 ሰዓት ስንወጣ ውርጩ ሳሩን ነጭ አድርጎታል፤ ትንፋሻችን ይጨሳል። ሰርቪሱ ሲንቀሳቀስ ፀሐይ ፊት ለፊት ትመጣለች። እኔ ደስ ይለኝ ነበር፣ እንደ ድመት ፊቴን እሰጣታለሁ። ለካ ያ ብርሃን ነው «ነጋ፣ ተነሺ» የሚለው። አሁን ነጠላዬን ግንባሬ ድረስ ስቤ፣ ካለኝም ጥቁር መነጽር አድርጌ ነው ቤት የምገባው። ሰዎች ለቅሶ የደረሰብኝ ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው። ወደ ሥራ ስሄድና ሌሊቱ ሲጀምር ግን ደማቅ መብራት ሥር መቆምን እመርጣለሁ።

ምግቡን ያስተካከለልኝ ደግሞ ሁዳዴ ነው። ይህን ስል ይስቁብኛል። ስጾም ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ እህል አልቀምስም። ሌሊት ሥራ ላይ ሆኖ ይከብዳል ብዬ ነበር፤ የመጀመሪያው ሳምንት ራሴን ፈለጠኝ። የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው «ውኃ ጠጪ፣ ሥራሽ ከባድ ነው» አሉኝ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር አስተዋልኩ። የክበቡ ቦምቦሊኖ ቀረ። ጠዋት ገብቼ እተኛለሁ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ነቅቼ እበላለሁ። የጾሙ ሰዓትና የእንቅልፌ ሰዓት ገጠመ። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ሳቁ፤ «ተኝቶ መጾምማ ማን ይከብደዋል!» አሉ። ጨጓራዬ ግን በዚያ ሁዳዴ ነው ዝም ያለው። በ55 ቀን ውስጥ ሌሊት የሠራሁባቸው ሳምንታት ሁሉ ቀለል ብለውኝ አለፉ።

ጾሙ ሲፈታ ሰዓቱን ያዝኩት። ዋናውን ምግብ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ላይ እበላለሁ፤ ጠገብ አድርጌ። ከ6 ሰዓት በኋላ ከባድ ነገር የለም። በጣም ከራበኝ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ወይም የተቀቀለ እንቁላል፣ ሻይ ያለ ስኳር። በሶም እይዛለሁ፣ በውኃ ብቻ በጥብጬ። ጠዋት ሆዴ ባዶ ሆኖ አያስተኛኝም፤ ትንሽ ቂንጬ ቀምሼ እተኛለሁ። ቡናዬ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ የለም። እትዬ ቡናውን ወደ 10 ሰዓት አዛወሩልኝ፣ ከእንቅልፌ ስነሳ እንድደርስ። መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። ግፊቴን ስነግራቸው ግን የሳቸውም ከፍተኛ ኖሮ ተረዱኝ።

የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ግን ጾሙንም ሰዓቱንም በኔ ቃል እንዳትቀይሩ። ሐኪማችሁን ጠይቁ። ስኳር በአንዴ ሊወርድ ይችላል፤ ማሽን ላይ ሆናችሁ ከሆነ ደግሞ አያድርስ።

የሌሊት ሳምንት ሰኞ ሲጀምር ቀን 8 ሰዓት ላይ ጋደም እላለሁ፣ እስከ 10 ተኩል። የመጀመሪያዋ ሌሊት ናት የምትከብደው። ሰው ሳይተኛ ማለዳ ተነስቶ፣ ልብስ አጥቦ፣ ገበያ ሄዶ፣ ማታ ሥራ ሲገባ እስከ ንጋት 24 ሰዓት ቆሞ ነው የሚያድረው። በእረፍት ሰዓትም ክበብ ገብቼ ከማወራ 20 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ እደፋለሁ። ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፤ ካለፈ ስትነሱ ሰካራም ነው የምትመስሉት።

የፈረቃው አዟዟር ላይም ታግለናል። የኛ የሚዞረው ወደ ኋላ ነበር። ሌሊት፣ ከዚያ ከሰዓት፣ ከዚያ ጠዋት። ሰውነት ማምሸት ይቀለዋል፤ ቀድሞ መተኛት ነው የሚከብደው። ስለዚህ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ሌሊት ብሎ ወደ ፊት መዞር ይሻላል። በሠራተኛ ማኅበራችን በኩል ጠየቅን። «ምን ልዩነት አለው?» ተባልን። ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ የኛ ክፍል ብቻ ተቀየረለት።

ሕጉንም ማወቅ አይከፋም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 እንዳትመደብ ይከለክላል። ትርፍ ሰዓት ሌሊት ላይ ከሆነ ደግሞ የሚባዛው በ1.75 ነው። አንዲት ጓደኛችን ስድስት ወር እስኪሞላት ሌሊት ስትቆም አድራለች። እሷም አታውቅም፣ እኛም አናውቅም፤ የሚያውቁት ደግሞ አልተናገሩም።

ስለ ካንሰሩ ደጋግመው ይጠይቁኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 የሌሊት ፈረቃን ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም በሚላቸው ነገሮች ክፍል መድቦታል፤ በ2019 እንደገና መርምሮ እዚያው ተወው። ቀይ ሥጋም እዚያው ክፍል ነው ያለው፤ ቁርጥ ስንበላ ግን ማንም አይደነግጥም። እኔ ፈርቼ ሥራ አልለቀቅኩም። ጡቴን ግን በየጊዜው እዳስሳለሁ፣ ግፊቴንና ስኳሬን በየስድስት ወሩ እለካለሁ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ግን እንቅልፍ ማጣት ስለሚቀሰቅስበት ሌሊት ባይገባ ይሻለዋል፤ የሐኪም ማስረጃ ይዞ ይጠይቅ። ጠዋት ሞተር ወይም ባጃጅ ራሳችሁ እየነዳችሁ የምትሄዱም ዓይናችሁ ከከበደ ቁሙ። የደረሰብኝ ማሽን ላይ ስለሆነ ነው የሚጎትተኝ ሰው የተገኘው።

አሁን 63 ኪሎ ነኝ። ስምንቱን ለመቀነስ ከዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። አምስቱ አሁንም አለ፤ እስካሁን አልለቀቀኝም። ግፊቴ 128 በ84 ነው። ባለቤቴ ቀን ነው የሚሠራው፣ የሌሊት ሳምንት ላይ በር ላይ ነው የምንገናኘው፣ እሱ ሲወጣ እኔ ስገባ። ለሱ መድኃኒት አላገኘሁለትም። እሑድን ብቻ ለቤታችን ብለን ይዘናል።

ባለፈው ማክሰኞ ባናው ሥር ተኝቼ፣ ገና ሸለብ ሲያደርገኝ፣ ግቢው በር ተንኳኳ። የእድር ሰብሳቢው ድምፅ ነው። ድሮ ቢሆን ዘልዬ እነሳለሁ። እትዬ ቀድመውኝ ደረሱ።

«የለችም» አሉት። «ሥራ ላይ ናት።»

«ጫማዋ እኮ በር ላይ ነው።»

«ጫማዋ አለ። እሷ ግን ሥራ ላይ ናት አልኩህ። ከ10 ሰዓት በኋላ ና፣ ቡናም ትደርሳለህ።»